ሮቶ

ከኮዬ ፈጬ እስከ ቂሊንጦ በእግር አርባ ደቂቃ ነው፤
ያ ግን በበጋ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ነው የሚያውቀው።
ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጫማዬን በድንጋይ ፍቄ፣
ፊት ወንበር ላይ እሰየማለሁ፣ ከልጅ እግሮቹ ልቄ፤
በዕድሜ ነው የላቅሁት፤ በሌላው እንጃልኝ።
በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ደብተር ማን አስያዘኝ?
በሥራ ቀን ቆጣሪ አነባለሁ፣ ከቤት ቤት እየዞርሁ፤
ውኃ የሌለበት ቧንቧ ንፋስ ሲቆጥር አግኝቼ
«ለምን?» ብዬ ተመዘገብሁ።

የኮርሱ ስም «አፕላይድ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን» ነው፤
ልጄ ማሕሌት ልትጠራው ሞክራ ምላሷን ቢያቅተው
«እማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ነው እንዴ የምትማሪው?»

መምህር ይርዳው ሰሌዳው ላይ በርሜል የመሰለ ነገር ሣለ።
«ታንከር ነው» አለ፤ «መጀመሪያ ውስጡ መቶ ሊትር ውኃ አለ።
በደቂቃ ሦስት ሊትር ይገባል፣ ሁለት ሊትር ይወጣል፤
ከአንድ ሰዓት በኋላ ውስጡ ስንት ይገኛል?»

ሳቅሁ።
በደብተሬ ሸፈንሁት፤ በጎን አመለጠኝ።
ክፍሉ ሁሉ ዞረ። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ አየኝ።
«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ምኑ ነው ያሳቀሽ?»
«ይቅርታ መምህር፤ ‹ይገባል› ያሉት ነው።
እኛ ብሎክ ሮቶ አለ፤ ከገባንበት ቀን ጀምሮ ቆሟል፤
ውኃ መያዝ ረስቶ የርግብ ማደሪያ ሆኗል።»
እሱ አልሳቀም። ሦስቱን አጥፍቶ በቦታዋ ዜሮ ጻፈ፤
ዜሮውንም ትንሽ አይቶ በእጅጌው ጠረገው፣ አለፈ።
«እንግዲያው የራስሽን ውኃ ጻፊ» አለኝ። «ለክተሽ።»

ማክሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ።
የመጀመሪያው ጀሪካን በሃምሳ ሰከንድ ሞላ።
ሁለተኛው በሰባ። ከታች በር ተከፈተ፤
ከላይ የባልዲ እጀታ ተንኳኳ።
ሦስተኛው ሁለት ደቂቃ። አራተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤
ስነቃ ገና ግማሽ ነው፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ደግፎኝ።
ቁጥሮቹን በመብራት ደረሰኝ ጀርባ በነጥብ ተከልኋቸው፤
ሽማግሌ ደረጃ ሲወርድ ይመስላል መስመራቸው፣
በየእርከኑ እያረፈ።

ያን ሌሊት ነው የገባኝ፦ እኔ ስከፍት ሲፈን ይቀንስባታል፤
እሷ ባልዲዋን ስታስጠጋ የኔ ቧንቧ ክር ያህላል።
አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ባንድ ቀመር ተቋጥረን አለን፤
ለብቻ መፈታት የለም፤ ከተፈታንም አብረን።

በሚዱ ሁለት ማርክ ሄደብኝ፣ ፕላስ ሲ ረስቼ።
ቢሮው ድረስ ሄድሁ፣ ወረቀቴን አንጠልጥዬ፣ ተቆጥቼ።
«አንዲት ፊደል እኮ ናት!»
«ቀመሩ አካሄዱን እንጂ» አለ «ከየት እንደተነሣ አይነግርሽም።
እሱን ከውጭ ነው የምታመጪው። ጠይቀሽ። ካልጠየቅሽ የለም።»

ስለዚህ ጠየቅሁ፤ የብሎኩን ጥበቃ፣ ኦቦ ደጋጋን፣
ከሮቶው ሥር ሬዲዮናቸው ሲያንሾካሹክ አግኝቼ።
«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ሳይቆም በፊት እዚህ ምን ነበር?»
ዱላቸውን አነሡ። «ከዚያ ምሰሶ እስከዚህ የኔ ሽምብራ ነበር።»
ቆዩ። ሬዲዮውን ዘጉ።
ሮቶው የቆመበትን ሲሚንቶ በዱላቸው ጫፍ መቱ፦
«እዚህ ደግሞ ቡርቃ።»
ምንጭ ማለታቸው ነው።
«የት ሄደ?»
«ማ? እሱ? የትም አልሄደ። የተነሣነው እኛ ነን።»
ፈረቃቸው ሲያልቅ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን አንሥተው
ከሰልፉ መጨረሻ ሲቆሙ አየኋቸው።

ፋይናሉ ላይ አራተኛው ጥያቄ ታንከር ነበር። ሠራሁት።
ሲዋን አግዝፌ ጻፍኋት፤ በእርሳስ ሁለቴ ደገምሁባት።
ውጤት ገና አልተለጠፈም።

ማክሰኞ ቧንቧው ካሳለ፣ የመጀመሪያው ጀሪካን የኦቦ ደጋጋ ነው፤
ሃምሳ ሰከንድ።
መስመሬን አሁን ከሁለተኛው እጀምራለሁ።